የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለምን ባዶ ይሆናል? (ስለ ከተማ ትራንስፖርት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ)

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። እንደ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ባሉ ከተሞች ሰው መጓጓዣውን በምን እንደሚመርጥ የሚያትት ነው። የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል። ክርክራቸውም ለመያዝ ቀላል ነው። በድሃ አገር ከተማ ሰው የሚመርጠው በኪሱ ነው ይላሉ። ታሪፍ ሲቀንስ ይሳፈራል፣ ሲጨምር በእግሩ ያዘግማል። የደኅንነት ስጋት የሚባለው ነገር የበለጸጉ አገሮች ወግ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ተጋኗል ባይ ናቸው። ይህን ለማስረዳት አምስት ነጥብ ያነሳሉ።

እውነቱን ለመናገር ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን ፈርሜበት አልፍ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ መጽሐፍ አይደለም። አቴንዳንስ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የኤክስቴንሽን ናቸው። ቀን ሱቅ የሚሸጡ፣ ቢሮ የሚውሉ፣ ሆቴል የሚያስተናግዱ። ትምህርቱ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምርና ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ያልቃል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወንበር አይገኝም። 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሴቶቹ ቦርሳቸውን ማንገት ይጀምራሉ። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትከተላለች። 2 ሰዓት ላይ የማስተምረው ለወንዶችና ለባዶ ወንበር ነው።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነበርኩ። ስም የምጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ያልተገኘ ማርክ ይቀነስበታል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቀነስኩ። ለትምህርት ግድ የላቸውም እያልኩም ለባልደረቦቼ አወራሁ። በመጨረሻ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ቢሮ ድረስ መጣች። «መምህር፣ ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ በ2 ሰዓት ተኩል ሄደውበት ያውቃሉ?» አለችኝ። በየቀኑ ነው የምሄድበት አልኳት።

«እሱማ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስቲ አሁን ወደ ጸሐፊው ነጥቦች ልሂድ።

የመጀመሪያው ዋናው ነው። ሰው ርካሹን ይመርጣል፣ ስለዚህ ከተማው ታሪፉን ካስተካከለ ሌላው በራሱ ይስተካከላል ይላሉ። ሴቶች ማታ ኮንትራት መያዛቸውንም ቅብጠት ብለው ነው ያለፉት።

ርካሽ መፈለጉማ ያለ ነው። ማን ይጠላል! ግን የእኔ ተማሪዎች ደመወዛቸው ወሩን የማያደርስ ናቸው። ብርን ከእነሱ በላይ የሚቆጥር የለም። እነዚሁ ልጆች ማታ ሲሆን በሰው የሚጭነውን ባጃጅ እያዩ ያሳልፉና ኮንትራት ይይዛሉ። ዋጋው እጥፍ ድርብ ነው። ለምን ብዬ አንዷን ጠየቅኳት። እንደ ሒሳብ መዝገብ ዘርዝራ አስቀመጠችልኝ።

በሰው የሚጭነው ከሆነ ከኋላ ሦስት ሰው ይቀመጣል። ሁለቱ ወንዶች ከሆኑ አንዱ ወረድ ይልና መሐል ያስገባታል። ጉልበት ይገፋል፣ እጅ «ይሳሳታል»። ከሾፌሩ ጎን ልሁን እንዳትል ሕጉም አይፈቅድ፣ እሷም አትፈልግ። ስለዚህ ሌላ ሴት የተሳፈረችበት እስኪመጣ ትጠብቃለች። ጥበቃው ራሱ ጨለማ ውስጥ ነው። አሥር ደቂቃ ከቆመች አንዱ ይመጣና «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ይላታል። ኮንትራት ብትይዝም አላለቀም። የባጃጁን የጎን ቁጥር ለእህቷ ትልካለች። ሾፌሩ እንዲሰማ ደግሞ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። «እሺ ወንድሜ፣ ደርሻለሁ፣ በር ላይ ጠብቀኝ።»

ወንድም የላትም።

እንግዲህ የዚህች ልጅ ጉዞ ስንት ብር ፈጀ? ጸሐፊው የቆጠሩት ለሾፌሩ የተሰጠውን ብቻ ነው። ጥበቃውን፣ ውሸቱን፣ ያቋረጠችውን ክፍለ ጊዜ አልቆጠሩም። እኔም አልቆጠርኩም ነበር፤ የሒሳብ አያያዝ መምህር ሆኜ!

የባሕር ዳር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ላንሳ። ጊሪጃ ቦርከር የምትባል ኢኮኖሚስት የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጥንታለች። በዩኒቨርሲቲው ሥር ደረጃቸው የተለያየ ብዙ ኮሌጆች አሉ። አብዛኛው ተማሪ ከቤቱ እየተመላለሰ ይማራል። ሴቶቹ መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ የተሻለውን ኮሌጅ ትተው ዝቅ ያለውን ይመርጣሉ። ሰላማዊ ለሆነ መንገድም ከወንዶቹ ይልቅ በዓመት ወደ 20 ሺህ ሩፒ የሚጠጋ ተጨማሪ ወጪ ለማውጣት ፈቃደኞች ናቸው። ነጥብ አምጥታ በአውቶቡሱ ምክንያት ሌላ ኮሌጅ የገባችውን ልጅ አስቧት። እኛ ኮሌጅም ለቤታችን ስለሚቀርብ ነው የመረጥነው ያሉኝ አሉ። እኔ ደግሞ ስማችንን ሰምተው ይመስለኝ ነበር።

ወደ አገር አቋራጩ ልለፍ። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። በልጅነቴ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ገና ሳይነጋ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ግድም ነበር ሰው የሚያስገባው። ቤታችን ከመናኸሪያው የ40 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። በእግር መሄድ ነፃ ነው። አባቴ ግን መንገድ ያለበት ዕለት ዋዜማውን መናኸሪያ አጠገብ አልጋ ይይዝ ነበር። የራሱ ቤት እያለው! ዱላውን ከያዘ ማንንም የማይፈራ የጎጃም ሰው ነው። የሚፈራው ጅብና ቀማኛን ነው፤ ሲጠራቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በኪሱ ብቻ የሚመርጥ ሰው ቢሆን ኖሮ የአልጋውን ብር ያተርፋት ነበር።

ጸሐፊው ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ልዩ ጊዜ ናቸው ብለው ከስሌታቸው አውጥተዋቸዋል። እኔ ማውጣት አልቻልኩም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለስድስት ወር ነበር። ከዚያ አራት ወር ተጨመረበት። ሰዓት እላፊ መጣ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከረመ። ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ያሰበ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ነው?» መሆኑ ቀረ። «መንገዱ ሰላም ነው?» ሆነ። ትናንት የመጣ ሰው ተፈልጎ ይደወልለታል። አውቶቡሱን ፈርቶ፣ ተበድሮ በአውሮፕላን አዲስ አበባ የሄደ ጎረቤት አለኝ። ይህን ሰው በኪሱ መረጠ ልበለው?

ያ ጊዜ ግን እኛን ወንዶችን አንድ ነገር አስተምሮናል። ሰዓት እያየን መሮጥ ጀመርን። የቱ መንገድ ሰው አለበት፣ የቱ ጭር ይላል እያልን ማስላት ጀመርን። ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። ተማሪዎቼ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ሲስቁብን ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የቁጥር ነው። ፖሊስ ዘንድ የሚመዘገበው ጥቃት ከሚወራው ፍርሃት ጋር አይመጣጠንም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ የተጋነነ ነው ይላሉ።

ይህ በጉን በረት ዘግተው ሲያበቁ ዘንድሮ ጅቡ በግ አልበላም እንደማለት ነው። ማታ 3 ሰዓት መንገድ ላይ ሴት ከሌለች፣ ማታ 3 ሰዓት መንገድ ላይ የተጠቃች ሴት አትመዘገብም። ዝቅተኛ ቁጥር የሰላም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሰው በጊዜ ቤቱ የመክተቱ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ከመዝገቡ ብቻ አይለይም። የትራፊክ ቆጠራም እንዲሁ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የሚያየው ያለፈውን ነው። ቤቷ የቀረችውን በየት በኩል ያግኛት?

ደግሞስ ምኑ ነው የሚመዘገበው? ስልኩን የተነጠቀ ሰው ምናልባት ያመለክታል። ባጃጅ ውስጥ ጭኗን የተነካች ልጅ ማን ላይ ታመልክት? ልጁ በቀጣዩ ፌርማታ ወርዷል። ያቺ የመጣችብኝ ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር ተነጋግረው ያውቃሉ፤ ከእነሱ መካከል ጣቢያ የሄደች አንድም የለችም። «በዚያ ሰዓት ምን ልትሠሪ ወጣሽ?» መባልን ነው የሚፈሩት። ቤት ከሰማ ደግሞ ትምህርቱ ይቀራል። ስለዚህ ዝም ይሉና ሰዓታቸውን ያሳጥራሉ።

ቁጥር ካሻቸው አንድ ልስጣቸው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በታዳጊ አገሮች ሴቶችን ከሥራ ገበያ ከሚያርቁት ነገሮች ሁሉ ትልቁ የመጓጓዣ እጥረትና የመጓጓዣው ደኅንነት ማጣት እንደሆነ ገምቷል። ሥራ ላይ የመሰማራት ዕድላቸውን በ16.5 መቶኛ ነጥብ ያወርደዋል ብሏል። እንዲህ ያለ ነገር በፖሊስ መዝገብ ውስጥ አይገኝም።

ሦስተኛውን ነጥብ ቶሎ ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ለከፋ የወጣት ጨዋታ ነው፣ ማንንም አልገደለም ይላሉ።

በ2007 ናይሮቢ ውስጥ አንዲት ሴት ማታቱ በሚሉት የሚኒባስ ታክሲ ፌርማታ ላይ፣ አለባበስሽ ልክ አይደለም ተብላ በወንዶች ልብሷን ተገፈፈች። ነገሩ በአፍ ነው የሚጀምረው። የኬንያ ሴቶች «ቀሚሴ ምርጫዬ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመስከረም፣ አዲስ አበባ ውስጥ የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታክሲ ተሳፈረች። በውስጡ የነበሩት ወንዶች አግተው ደፈሯት። ሕይወቷም አለፈ። ያን ሰሞን ማርቆስ ያለችው አክስቴ ልጇን ብቻዋን ታክሲ እንዳትሳፈር ከለከለቻት። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ፍርሃት ግን ታሪፍ አይከፍልም።

የሚለከፉት ልጆች ከመቶው ለካፊ የትኛው ቀልደኛ፣ የትኛው ክፉ እንደሆነ ግንባሩን አይተው አያውቁም። ስለዚህ ከሁሉም ይሸሻሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ሥራ ቦታ የሚደረሰው ግን በመንገድ ነው።

አራተኛው ላይ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። እዚህ ሁለት ነገር አያይዘዋል። ባሕር ዳር ላይ ሳይክል የቀነሰው ሰው ባጃጅ ለምዶ ስለኮራ ነው ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ እውነተኛው አደጋ ቀማኛው ሳይሆን መኪናው ነው ይላሉ።

ሁለተኛው ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ከመቶ 92ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከሟቾቹም ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ሳይክለኛና ሞተረኛ ነው። ግን ይህ የራሳቸውን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። ሳይክል ለምን እንደቀነሰ በገዛ አፋቸው ነገሩን እኮ!

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ለሳይክል የተፈጠረች ከተማ ናት። እኔም ለዓመታት በሳይክል ነው የተመላለስኩት። አንድ ቀን ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ሰው ለመጫን ድንገት ወደ ዳር ታጠፈ። የተውኩት ኮርቼ አይደለም። ወጌሻ ቤት ገብቼ ነው። ዛሬ ልጄ ሳይክል ግዛልኝ ስትል እሺ እያልኩ ዓመት አለፈ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለሳይክልና ለእግረኛ የራሱ መንገድ አለው። በጣም ደስ ይላል። ግን ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። 380 ሜትር እንደ ንጉሥ ተነድቶ ከዚያ ወዲያ ከአይሱዙ ጋር መጋፋት ነው።

ጸሐፊው ያላዩት ደግሞ ሁለቱ ፍርሃቶች እርስ በርስ እንደሚገፋፉ ነው። ማታ ከእኛ ሰፈር ወደ ዋናው መንገድ የሚሄደውን ሰው ተመልከቱ። ዳሩን አይዝም። ዳሩ ላይ ክፍት ቦይ አለ፣ ውሻ አለ፣ የማይታይ ጥግ አለ። ስለዚህ አስፋልቱ መሐል ገብቶ ይሄዳል። ከቀማኛው ሲሸሽ መኪናው ላይ ይወጣል። «ግራችሁን ይዛችሁ ተጓዙ» ይሉናል። ማታ መጥቶ ግራው ላይ ያለውን ያየ ግን የለም። እናቴ እስከ ዛሬ ለኪዳን ስትሄድ የምትሄደው በመንገዱ እንብርት ነው። መኪናው መብራት አለው፣ ይታያል ትላለች።

አምስተኛው የመፍትሔ ነጥብ ነው። ስጋቱ አለ እንኳ ቢባል መብራትና ፖሊስ ይበቃዋል፣ ካልሆነም ለሴቶች የተለየ ተሽከርካሪ ይመደብ ይላሉ።

የተለየ ተሽከርካሪ በሌላ አገር ተሞክሯል። የካይሮና የሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ የሴቶች ፉርጎ አላቸው። ሪዮ ዴ ጄኔሮም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ አለው። ሪዮ ላይ በተደረገ ጥናት ሴቶቹ በዚያ ፉርጎ ለመሳፈር የቲኬቱን ዋጋ 20 በመቶ ያህል ለመጨመር ፈቃደኛ ሆነው ተገኝተዋል። ፍላጎቱ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም አገኘ። ወደ ድብልቁ ፉርጎ የገባች ሴት፣ ፈልጋ ነው በሚል ዓይን ትታያለች። የሴቶች ባጃጅ ቢመጣ እኛ ጋ ምን እንደሚባል ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። «ያኛው እያለልሽ እዚህ ምን አመጣሽ?» ደግሞም ባጃጁ በር ድረስ አይገባም። የእኔ ተማሪዎች የሚፈሩት መንገድ ከአስፋልቱ ወዲህ ያለው ነው።

መብራቱንስ ማን ይጠላል። ግን የመንገድ መብራት አንዱ ሲበራ ሁለቱ ይጠፋል። መጥፋቱን የሚያመለክት ሰው ራሱ ማታ የሚወጣ መሆን አለበት።

ያቺ ተማሪ አንድ ቀን መንገዷን በወረቀት ሥላ አሳየችኝ። አጭሩ መንገድ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ የሚያልፈው ነው፤ ስምንት ደቂቃ። እሷ የምትሄደው ግን በ15 ደቂቃው ነው። መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ ቤቱ። ከዚያ ፋርማሲው፤ እሱ አምሽቶ ነው የሚዘጋው። ከዚያ ግሮሰሪው ጋ ስትደርስ ማዶ ትሻገራለች፤ በረንዳው ላይ የሚጠጡ አሉ። ከዚያ መታጠፊያው ላይ በቆሎ የሚጠብሱት እማማ። ከሰላቸው ይፍማል፣ ሰው ይከባቸዋል፣ እሳቸውም ሁሉን ያያሉ። «ዛሬ አመሸሽ» ይሏታል። ከተማው ውስጥ መግባቷን የሚያውቅ አንድ ሰው እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ደንብ አስከባሪ መጣና እማማን አስነሳቸው። እግረኛ መንገድ ዘጋሽ ተብለው ነው። ልክ ነው፣ ዘግተዋል። ግን ያን ሳምንት ተማሪዬ መታጠፊያውን ተወችው። መንገዷ 22 ደቂቃ ሆነ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በ2 ሰዓት ስለሚዘጋ ደግሞ 2 ሰዓት ሳይሞላ ከክፍል መውጣት ነበረባት። የማርኬ ምስጢር ይኸው ነው። እኔ የቀነስኩባት በፎቶ ኮፒ ቤት መዝጊያ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ለጸሐፊው የምጠይቃቸው፣ ፖሊስና መብራት ከማለታቸው በፊት ማታ የትኛው ሱቅ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እንዲጠይቁ ነው። ባለሱቁ ለምን እንደሚዘጋም ይጠይቁት። እሱም ፈርቶ ነው። እሱ ሲዘጋ መንገዱ ይጨልማል፣ መንገዱ ሲጨልም ቀጣዩ ሱቅ ይዘጋል።

እኔ ስም መጥራቱን ወደ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አዙሬዋለሁ። የተቀነሰ ማርክም መልሻለሁ። ኮሌጁ ትምህርቱን 11 ሰዓት ላይ እንዲጀምር ብንጠይቅም ሠራተኛው ከሥራ አይደርስም ተባለ። እሱም እውነት ነው። ሦስት ተማሪዎች ደግሞ የራሳቸውን መላ ፈጠሩ። አንድ ትልቅ ሰው የሚነዱትን ባጃጅ በወር ተኮናተሩ። ጋሼ ነው የሚሏቸው። ጋሼ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዳቸውን ደጃፋቸው ድረስ ያደርሳሉ። በር ተከፍቶ እስኪገቡ ሞተር አያጠፉም። ዘንድሮ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚቀመጡት ሴቶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ አሟቸው ቀሩ። 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሦስቱም ቦርሳቸውን አነሱ።